ለጋሼ ሰገነት የተላኩ ኮከቦች

ኅዳር 4

ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ? ያ አጉል ሳልዎስ ተወዎት? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ መግባቱ ነው፤ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ አፌ እንደ ማንቆርቆሪያ ይጨሳል። መነጽር ቤቱን አልለቀቅኩም። ቀኑን ሙሉ የሰው መነጽር ስሞርድ እውላለሁ፣ ቤት ስገባ የራሴን የት እንዳስቀመጥኩት አጣለሁ። ለምን አትደውይም እንዳይሉኝ፤ ባለፈው ስደውል «ጆሮዬ ላይ አትጩኺ፣ ጻፊልኝ፤ ደብዳቤ ሁለቴ ይነበባል» ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

ዛሬ የምጽፈው ለትልቅ ጉዳይ ነው። ሳቅዎን ቻል አድርገው ያንብቡልኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የምሄድበትን ማኅበር ነግሬዎት ነበር። እነዚያ በላያቸው ጉጥ ጉጥ ያለባቸው፣ አንዷ ሌላዋ ላይ ቀጭ ብላ የምትገባ የፕላስቲክ ጡቦች አሉ አይደል፣ ልጆች ቤት የሚሠሩባቸው? እኛ ደግሞ ያረጀን ልጆች ነን። አንድ የመኪና ማሠልጠኛ ቅዳሜ ከሰዓት ክፍሉን ይለቅልናል፤ የመንገድ ምልክት በተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ሃያ የምንሆን ትልልቅ ሰዎች ቁጭ ብለን ሳጥን እንበረብራለን። ድምፁ እህል በወንፊት ሲነፋ ይመስላል፤ እኔን ያፈዘኛል። ሳምንቱን ሙሉ የደነዘዘው ጭንቅላቴ እዚያ ሲደርስ ይከፈታል።

አንዷ ነርስ ናት፣ መርከብ ብቻ ትሠራለች። አንዱ ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሾፌር ነው፤ እሱ ምንም አይሠራም፣ ሥራው የተደባለቀውን ጡብ በቀለምና በመጠን መለየት ነው። ለቃሚው እንለዋለን። ሰብሳቢያችን የውል ጸሐፊ ናት፤ እኔ በልቤ እሜቴ ደንብ ነው የምላት። ደንቡን በሩ ላይ ለጥፋዋለች፦ ጡብ አይቆረጥም፣ አይቀባም፣ በሙጫ አይጣበቅም፤ ከሥራው አጠገብ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይሁን። ከነዚህ አንዱን የጣሰ ሥራ ዓውደ ርእይ ላይ አይቆምም።

ዓውደ ርእዩ ግንቦት 4 ቀን ነው። እኔን መቼም የሰማይ ነገር እንደማይለቀኝ ያውቃሉ፤ እዚህ ያወጡልኝ ስም «የሰማይ ባለርስት» ነው። ሌላው ሰው ፕላኔት ሠራሁ ሲል አንድ ጠረጴዛ ላይ እንደ ብርቱካን ይደረድራቸዋል። ያ ያበግነኛል። ርቀቱ የታለ? ሰማይ ማለት እኮ ርቀቱ ነው። ስለዚህ በእውነተኛው ልክ አሳንሼ ልሠራው ነው። ፀሐይን ሃያ ሴንቲ ሜትር አድርጌ አዳራሹ በር ላይ ባቆማት፣ ምድር ሃያ ሁለት ሜትር ርቃ ኮት መስቀያው ጋ ትሆናለች። ጁፒተርን አዳራሹ አይችለውም፤ ውጭ ወጥቶ ጫማ ሰፊው መስኮት ላይ ይቀመጣል። ሳተርን ፀጉር ቤቱ ነው። ኔፕቲዩን ስድስት መቶ ሃምሳ ሜትር ሄዶ ልብስ አጣቢዎቹ ጋ ይቆማል። ባለሱቆቹን አንድ በአንድ ለምኜ ጨርሻለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለችው ጎረቤት ኮከብ የት ትወድቃለች? አሰላሁት፤ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ሠላሳ ሲቀረው። ካርታ ዘርግቼ በክር ስለካ ክሩ እርስዎ ቤት ላይ አረፈ። እውነቱን ልናገርና፣ እንዲያው አላረፈም፤ ፀሐይን ሃያ ሴንቲ ሜትር ያደረግኋት ክሩ እርስዎ ጋ እስኪደርስ እየጨመርኩ እየቀነስኩ ነው። ያቺ ከደቡብ በኩል በጎረቤቱ የውኃ ታንከር ጫፍ የምትወጣው፣ ሰገነቱ ላይ ቆመን የምናያት ኮከባችን፣ አሁን ሰገነቱ ላይ ልትቀመጥ ነው።

የሰገነቱን ነጥብ፣ ካርታ ላይ ያለበትን ቦታ በቁጥር፣ በትክክል ይላኩልኝ። ቀያሽ አጎት ይዤ በክር ስለካ ቢያዩኝ ያፍራሉ። ደግሞ እስቲ ወጥተው ይዩልኝ፤ ኮከቧ አሁንም በታንከሩ ጫፍ ነው የምትወጣው?

የእህትዎ ልጅ

—

ታኅሣሥ 27

ለተወደድሽው ልጄ፣ ለዘንጌ፣

ሰላምታዬ ያን ያልሽውን ኪሎ ሜትር ሁሉ ተሻግሮ፣ ሳይደክመው ይድረስሽ። ጤና ነኝ። ሳሉ ትቶኛል፤ ጉልበቴ ደረጃ ባያሳዩት ደስ ይለዋል። መልሴ የዘገየው ደብዳቤሽ በሠፈሩ መድኃኒት ቤት ባለቤት በኩል ዞሮ ስለደረሰኝ ነው። ለምን ዞረ አትበዪኝ፣ የፖስታን ነገር ታውቂዋለሽ።

ሳቅህን ቻል አድርግ ብለሽኝ ነበር፣ አልቻልኩም። ያቺ የመለኪያ ዘንግ ተሸክማ ከኋላዬ ትከተለኝ የነበረች ልጅ አርባ ዓመት ሊሞላት ሲል መጫወቻ ጀመረች ብዬ ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ ሁለተኛ አነበብኩትና ሳቄን ዋጥኩት። አንቺ ዘንጉን ይዘሽ ስትቆሚ ዝንብ ቢያርፍብሽ አትነቃነቂም ነበር፤ ስሙንም ያወጣሁልሽ ያን ጊዜ ነው። ልኬት የሚወድ ሰው የሚለካው አያጣም።

የሰገነቱን ነጥብ ከሃያ ዓመት በፊት ራሴ ለክቼ ደብተሬ ላይ አስፍሬዋለሁ። በሌላ ወረቀት ገልብጬ ልኬልሻለሁ። አንድ ክንድ እንኳ አይስትም፤ ክርክር የሚያነሳ ካለ ወደ እኔ ላኪው።

ኮከቧን ወጥተህ እይልኝ ብለሻል። ሰሞኑን ደመና ነው። ታንከሩ አለ፤ ምን ይሆናል ብለሽ ነው፣ የብረት ነገር።

እኔም በተራዬ ላስቸግርሽ። ሰገነቱን አንቺ እንደምታስታውሺው አድርገሽ ጻፊልኝ፣ ደረጃው ስንት እንደሆነ ሳይቀር። ሽማግሌ መሆኔ ነው፤ ሰው በየቀኑ የሚያየው ነገር ዓይኑ ውስጥ አይገባም።

አጎትሽ፣ ቀያሹ

—

ጥር 16

ለምወድዎ አጎቴ፣

ይህ ወረቀት በጤናና በሳቅ መሃል ያግኝዎት። ነጥቡ ደርሶኛል። እሜቴ ደንብ የእጅ ጽሑፍዎን አይታ «ይህን የጻፈ ሰው አይሳሳትም» አለች፤ እሷ ደግሞ ለሰው እንዲህ ስትል ሰምቼ አላውቅም።

ደረጃው አርባ አንድ ነው። አሥራ ሁለተኛዋ ጠርዟ ተሸርፏል፤ በግራ እግር ከረገጧት ታዳልጣለች። ከላይ ያለውን የብረት በር በትከሻ ካልገፉት አይከፈትም፣ ሲከፈት ደግሞ ሠፈሩን በሙሉ ይቀሰቅሳል። ወደ ውጭ ሲወጡ በቀኝ የልብስ ማስጫው ሽቦ አለ፤ እርስዎ ሁልጊዜ ይረሱትና ባርኔጣዎን ይጥልልዎታል። በግራ የእትዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ታጣፊ ወንበር አለች፣ አንድ ማሰሪያዋ ተበጥሶ በአረንጓዴ ጨርቅ የተጠገነችው። ወለሉ መሃል ደግሞ ለልኬት ብለው የመቱት ምስማር። እትዬ በባዶ እግራቸው ረግጠውት ሳምንት ሙሉ አላናገሩዎትም ነበር። እኔ ታንከሩን እያየሁ ሳቄን እንዴት እንደያዝኩት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ኮከቧ ያን ምስማር ላይ ነው የምትቀመጠው፤ ወስኛለሁ።

ስለ ኮከቧ አንድ ነገር ላስረዳዎት። ለዓይን አንድ ትመስላለች እንጂ ሁለት ናቸው፣ እርስ በርስ የሚዞሩ። በእኔ ልክ በመካከላቸው ጥቂት መቶ ሜትር ነው ያለው። እና አንዷን ለሰገነቱ፣ ሁለተኛዋን ለመድኃኒት ቤቱ መስኮት ብናደርግ ይስማማል። እንዲያውም ከነሱ በጣም ተነጥላ የምትሄድ ሦስተኛ፣ ትንሽ ቀይ ኮከብ አለች፤ እሷን ግን በዓይኑ ያያት ሰው የለም፣ ትቻታለሁ። የሁለቱን ጡብ በከረጢት ከፍዬ፣ አገጣጠሙን ሥዬ በፓኬት ልልክልዎት ነው። እርስዎ ራስዎ ይገጥሟቸዋል።

ጭንቀቴ ሌላ ነው። ምድርን መሥራት አቃተኝ። በዚህ ልክ ምድር ሁለት ሚሊ ሜትር አትሞላም፤ እኛ ያለን ትንሿ ጡብ ስምንት ናት። ለቃሚው ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ሳጥኖቹን ገልብጦ ያገኘው ቀጭን ዘንግ እንኳ ሦስት ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያች ላይ ጫፏን እንዳልቆርጣት ደንቡ አይፈቅድም። ሁሉንም ላሳድገው ብል ኮከቧ ከእርስዎ ሰገነት ትነሳለች፤ ያን ደግሞ እኔ አልፈቅድም። እሜቴ ደንብ «ምድርን ተያት፣ ማን ይፈልጋታል?» አለችኝ። ሁላችንም የምንኖረው እሷ ላይ ነው አልኳት። ምን ይሻለኛል?

ዘንጌ

—

የካቲት 28

ለልጄ ለዘንጌ፣

እንደምን ከረምሽ? እዚህ ሁሉም ደህና ነው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አርባ አንድ አልሽኝ። እኔ በሐሳቤ ስወጣ አርባ ብቻ ነበር የሚሆንብኝ፤ ያቺን የተሸረፈች ረስቻት ኖሯል። የአክስትሽን ወንበር ማሰሪያ ስትጽፊ እንባዬ መጣ፤ ከማን እደብቀዋለሁ።

ስለ ምድር። እኛ ገጠር ለልኬት ስንወጣ ትንሿን ነጥብ አንሠራትም ነበር፣ እንፈልጋታለን እንጂ። ድንጋዩ ላይ መዶሻ ይዘሽ ምልክት ልሥራ ብትይ ምልክትሽ ከሚለካው ነገር ይሰፋል። ዓይንሽን ወደ ድንጋዩ ጠጋ አድርገሽ ስታዪ ግን ቀድሞም የነበረች ጭረት ታገኛለሽ። እስቲ ጡቡን ጠጋ ብለሽ እዪው፤ መነጽር ሞራጅ አይደለሽም እንዴ።

ፓኬቱን ግን አትላኪ። ፖስታው አይታመንም። ደግሞም ወገቤን እያመመኝ ነው፣ ጎንበስ ብዬ መግጠም አልችልም። ደግሞም እዚያ ላይ ነፋስ አለ። ሥዕሉ ይበቃኛል።

አጎትሽ

—

መጋቢት 14

ለምወድዎና ለብልሁ አጎቴ፣

ጉልበትዎ ይጽና፣ ወገብዎን ይማርልኝ። ምድር ተገኘች።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ከሥራ ቦታ የመነጽር ማጉሊያዬን ይዤ ሄድኩና ከለቃሚው ጋር አንዲት ሰማያዊ ጡብ ገልብጠን ማየት ጀመርን። ጋሼ፣ እያንዳንዷ ጡብ ላይ አንዲት ነጥብ አለች። ፋብሪካ ውስጥ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ቅርጹ የገባባት ቀዳዳ ትታው የሄደችው፣ እንደ እንብርት ያለ ነገር። ለቃሚው ሠላሳ ዓመት ጡብ ሲለይ ኖሮ «እኔ እኮ ሁልጊዜ በጣቴ እዳስሳታለሁ፣ አይቻት ግን አላውቅም» አለኝ። ስንለካት ሁለት ሚሊ ሜትር ልትሞላ ትንሽ ይቀራታል። እሜቴ ደንብ የራሷን መለኪያ አምጥታ ሁለቴ ለካችና ፈረመች። አልተቆረጠችም፣ አልተቀባችም፤ እዚያው ነበረች። ከዚያን ቀን ወዲህ ክፍሉ ውስጥ ሰው ሁሉ ጡብ እየገለበጠ ምድር ይፈልጋል። ነርሷ እንኳ መርከቧን ገልብጣ ሃያ ሦስት ቆጠረች።

አሁን ይቆጡኛል። ፓኬቱን አትላኪ ብለውኝ ነበር፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አልታዘዝኩዎትም። አንድ ሰው ለአንድ ነገር ሦስት ምክንያት ሲደረድር የተሸሸገ አራተኛ አለ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። መቼም አራተኛው ለእኔ ማሰብዎ ነው ብዬ ላክሁት። በመድኃኒት ቤት እንዳይዞር የቤቱን አድራሻ ጽፌበታለሁ።

አጠገቡ የሚቆመው ጽሑፍም ታትሟል፦ «ጎረቤት ኮከቦቻችን ከዚህ 5,970 ኪሎ ሜትር ርቀው፣ አጎቴ በሚኖርበት ቤት ሰገነት ላይ ይገኛሉ።» ሳነበው አዳራሹ ውስጥ ቆሜ እርስዎ ጋ ያለሁ ይመስለኛል። ሥራ ላይም እንዲህ ያደርገኛል፤ መነጽሩን ይዤ ፈዝዤ ስቆም አለቃዬ «ዛሬስ የትኛው ኮከብ ላይ ነሽ?» ይለኛል።

ዘንጌ

—

ሚያዝያ 3

ለአጎቴ፣

እንደምን አሉ? ፓኬቱ ዛሬ ተመልሶ መጣ። ላዩ ላይ «ተቀባዩ በዚህ ቤት አይኖሩም» የሚል ማኅተም አለበት።

እህቴ ጋ፣ የእርስዎ ልጅ ጋ ደወልኩ። እሷ ውሸት አታውቅበትም፤ «እሱ ራሱ ይንገርሽ» ብላ ዘጋችብኝ። ይህን የምልከው በእሷ በኩል ነው።

ጋሼ፣ የት ነው ያሉት?

—

ሚያዝያ 11

ለልጄ፣

ዛሬ ሰላምታ ለማብዛት ፊት የለኝም።

ቤቱን ሸጬዋለሁ። ሐምሌ ላይ ነው የሸጥኩት። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ እኔ እህትሽ ቤት ከገባሁ ወራት አልፈውኝ ነበር። የመድኃኒት ቤቱን ባለቤት አደራ ብዬው ደብዳቤሽን በአውቶብስ ሾፌር እጅ ሲልክልኝ ከረመ። እህትሽንም አፏን ያስያዝኳት እኔ ነኝ፤ እሷን አትቀየሚ። ምድር ቤት ንጹሕ ክፍል ሰጥታኛለች፣ ምንም አልጎደለብኝም። መስኮቱ ብቻ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ተፋጧል። አንገቴን አውጥቼ ወደ ላይ ስጠመዘዝ የምትታየኝ ሰማይ መሐረብ ታህላለች።

ደረጃውን ጉልበቴ እንቢ አለ። ይህ እውነት ነው፣ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። አክስትሽ ከሄደች በኋላ ያቺ ወንበር ታፈጥብኝ ነበር። መሸጡ እፎይ ያሰኘኛል ብዬ ነበር። ሸጥኩት፣ ከዚያ ደግሞ ወንበሯ ናፈቀችኝ። ሰው ምን ዓይነት ፍጥረት ነው።

ለምን አልነገርከኝም ትይኛለሽ። ልነግርሽ ብዕር አንስቼ ነበር። ደብዳቤሽ ግን በቀጥታ ሰገነቱ ላይ ወጣ፤ እኔም ተከትዬው ወጣሁ፤ መውረድ አቃተኝ። ያን የደረጃ ቁጥር የጠየቅኩሽ ማታ ስተኛ በሐሳቤ ስለምወጣበት ነው። አንቺ ስትጽፊልኝ ብቻ ነበር እዚያ ቤት የምኖረው።

ቀያሽ የቆመበትን ነጥብ ከዋሸ ከዚያ ወዲያ የለካው ሁሉ ውሸት ነው። ይህን አርባ ዓመት ሙሉ ለሠልጣኞቼ ስናገር ኖሬ፣ በስተርጅና በገዛ ልጄ ላይ አፈረስኩት። በጣም አፍሬያለሁ።

ጽሑፍሽን አስተካክዪው። እሜቴ ደንብሽ ትክክል ናት። ሰገነቱ ባለበት አለ፣ የማይኖርበት አጎትሽ ነው። ለእውነት ያህል የአሁኑን ነጥቤን ለክቼ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ከአሮጌው ቤት በቀጥታ መስመር ሁለት መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር ርቄያለሁ። ወደ አንቺ ግን መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር ቀርቤያለሁ። መጽናኛዬ ይቺው ናት።

አጎትሽ

—

ሚያዝያ 19

ለምወድዎ አጎቴ፣

ሰላምና ጤና ከእርስዎ አይለይ፤ ከመስኮትዎም።

ተቀይሜዎት ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ተቀይሜ ሁለት መነጽር ሰበርኩ። ያናደደኝ ቤቱን መሸጥዎ አይደለም። እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻዎን ግድግዳ እያዩ፣ እኔ ሰገነት ሰገነት እያልኩ ስጽፍልዎት መክረሜ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ «ደህና ነዎት ወይ» ብዬ ጽፌ፣ ደህና መሆንዎን ሳልጠይቅ ከረምኩ።

ቅዳሜ ደብዳቤዎን ይዤ ወደ ማኅበሩ ሄድኩ። ከዓውደ ርእዩ መውጣቴን ልናገር ነበር። እሜቴ ደንብ አንብቢልኝ አለችኝ። በእነሱ ቋንቋ እየመለስኩ አነበብኩላት፤ ክፍሉ ውስጥ ጡብ መበርበሩ ቆመ። ከዚያ እርስዎ የላኩትን ቁጥር ሰሌዳው ላይ ጻፈችና «ይኸኛው ቁጥር ምንድን ነው?» አለች። ሁለት መቶ ሰባ። ወደ እኛ መቶ ሰባ።

ጋሼ፣ ያኔ ሮጬ የስሌት ደብተሬን ገለጥኩ። ያቺ ማንም በዓይኑ አላያትም ብዬ የተውኳት ሦስተኛዋ ትንሽ ቀይ ኮከብ ትዝ ይልዎታል? በእኔ ልክ ከሁለቱ ሁለት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ተነጥላ ነው ያለችው። ወደ እኛ ደግሞ መቶ ሰባ ቀርባ። ከፀሐይ ቀጥሎ፣ ከሰማይ ኮከብ ሁሉ ለእኛ የምትቀርበው እሷ ናት፤ የሚያያት ስለሌለ ነው እንጂ። እኔ ሰነፍ ሆኜ ተውኳት፣ እርስዎ ሳያውቁ ሄደው ቦታዋ ላይ ተቀመጡ።

ክፍሉ ተንጫጫ። እሜቴ ደንብ ብቻ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ «አሥር ኪሎ ሜትር ይጎድላል» አለች። ለቃሚው «ሽማግሌው ቁርሱን በልቶ፣ ሄዶ ሊጨርሳት ይችላል» አላት። ብዙ ከተከራከርን በኋላ «ግድም» የሚል ቃል እንዲገባ ተስማማች፤ ፊቷ ግን ጥርስ እንደሚያማት ሰው ነበር። አዲሱ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ለእኛ የምትቀርበው ኮከብ ከዚህ 5,800 ኪሎ ሜትር ግድም ርቃ፣ አጎቴ ዘንድ ትገኛለች። አትታይም። አለች።»

ሦስቱንም በፈጣን ፖስታ ልኬልዎታለሁ። ሁለቱ ትልልቆች ናቸው፤ አሮጌው ሠፈር የሚያስቀምጥልዎ ካገኙ መልካም፣ ካልሆነም ይቅር። ቀዩዋ ሦስት ሴንቲ ሜትር ናት፣ ጡቦቹን ለቃሚው አንድ በአንድ መርጦልኛል። እሷ የእርስዎ ናት። ዓውደ ርእዩ የሚከፈተው እዚያ ባለው ሰዓት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ዘንጌ

—

ግንቦት 4

ለዘንጌ፣ ለዓይኔ፣

ይህን የምጽፍልሽ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር በዪኝ። ለምን መንገድ ዳር እንደሆንኩ በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

ፓኬቱ ማክሰኞ ደረሰ። እኔና እህትሽ ወለሉ ላይ ተዘርግተን እስከ እራት ድረስ ገጠምን። ወገቤ አላመመኝም፤ ያም ውሸት ነበር። በማግስቱ ሁለቱን ትልልቆች በካርቶን ይዤ በአውቶብስ ወደ አሮጌው ቤት ሄድኩ። አዲሷ ባለቤት የሒሳብ አስተማሪ ናት። ፓኬቱን የመለሰችው የእሷ ስም ስላልተጻፈበት ነው፤ እኔም ብሆን አደርገዋለሁ። ነገሩን ሳስረዳት ቁጥሮቹን ጠየቀችኝና እዚያው በራፉ ላይ በእርሳስ አሰላቻቸው። ከዚያ «ይግቡ» አለችኝ።

አርባ አንዱንም ወጣሁ። አሥራ ሁለተኛዋ ላይ አረፍኩ። በሩን እሷ በትከሻዋ ገፋችው፣ ጩኸቱ እንዳለ ነው። ሽቦው ባርኔጣዬን ጣለው። ምስማሩ አለ፤ ኮከብሽን እላዩ ላይ አስቀምጫታለሁ። ታንከሩ ተቀይሯል፣ አሁን የፕላስቲክ ነው። አለ ብዬሽ ነበር፣ ያንንም አርሚልኝ። የአክስትሽ ወንበር እዚያው ናት። አስተማሪዋ እየተቀመጠች የተማሪ ደብተር ታርምባታለች። አረንጓዴዋ ማሰሪያ ስለላላች ቁጭ ብዬ አጠበቅኩላትና ወረድኩ። ሁለተኛዋ ኮከብ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ፣ በሳል ሽሮፕና በጥርስ ሳሙና መሃል ተሰይማለች።

ቀዩዋ ይህን ሁሉ መንገድ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ለአንድ ቀን ኮከብ ከቦታዋ መነሳቷን ለእሜቴ ደንብ አትንገሪያት።

ዛሬ ደግሞ ቁርሴን በልቼ እንደገና አውቶብስ ያዝኩ። ወዴት ነው ብላ እህትሽ ጮኸችብኝ፤ አሥር ኪሎ ሜትር የሥራ ጉዳይ አለብኝ አልኳት። ደብተሬን፣ ካርታዬንና አሮጌውን መሣሪያዬን ይዤ ከከተማው ወጣሁ። ሾፌሩ እዚህ ምንም የለም እኮ አባቴ አለኝ። አውርደኝ አልኩት። እውነትም ምንም የለም። መንገድ፣ የተሰበረ የኪሎ ሜትር ድንጋይ፣ ዙሪያውን ሰማይ ብቻ። ይህን ያህል ሰማይ ካየሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ነጥቡን ሦስት ጊዜ ለካሁት። ከምስማራችን ሁለት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር። ከአንቺ አምስት ሺህ ስምንት መቶ። ከጽሑፍሽ ላይ «ግድም» የሚለውን አጥፊው።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። እዚያ በሩ ተከፍቶ ሰው ፀሐይሽ ፊት የሚቆምበት ሰዓት ነው። ልኬት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ዘንግ ይዞ ይቆማል፣ ሌላው ያያል። ያን ጊዜ አንቺ ነበርሽ የምትቆሚልኝ። ብዕሬን ላስቀምጥና ኮከባችንን ወደ አንቺ አቅጣጫ አንስቼ ልቁም። ዝንብ ቢያርፍብኝም አልነቃነቅም።

ለኪ።

አጎትሽ